ቁልፍ ከማንሳትሽ በፊት ተቀመጪ

የሐምሌ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ግቢያችን ጭቃ ሆኗል። አባቴ በረንዳው ላይ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል። እኔ የፒክአፑን ኮፈን ከፍቼ፣ 12 ቁጥር ቁልፍ ይዤ ቆሜያለሁ። መኪናዋ አልነሳም ብላለች።

«ምን ልትፈቺ ነው?» አለኝ።

«ገና አላወቅኩም አባዬ።»

«ታዲያ ቁልፉ ምን ያደርግልሻል? አስቀምጪውና መጥተሽ ተቀመጪ።»

ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ድሮ ያናድደኝ ነበር። መኪናዋ ቆማ፣ ሥራ ረፍዶ፣ ቁጭ በይ ስባል ደሜ ይፈላ ነበር። አሁን ግን እቀመጣለሁ። ቁልፌን አስቀምጬ፣ እጄን በጨርቅ ጠርጌ፣ አጠገቡ እቀመጣለሁ።

«ሞተሪኖው ይዞራል?» ሞተሩን የሚያስነሳውን ትንሽ ሞተር ማለቱ ነው።

«በደንብ ይዞራል።»

«ሲዞር በማርሚታው ጭስ ይወጣል?»

ሄጄ አየሁ። ወንድሜ የማስነሻ ቁልፉን ሲያዞር እኔ ከኋላ ጭስ ማውጫው ጋ ቆምኩ። ምንም የለም።

«አይወጣም።»

«ናፍጣ ሞተሩ ጋ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ትናንት ከየት ሞላሽ?»

ከዴዶ ስመለስ መንገድ ላይ በጀሪካን ገዝቼ ነበር። ማደያ ወረፋው ሁለት ቀን ስለሚፈጅ ብዙዎቻችን እንደዚያ እናደርጋለን። ነገርኩት። አባቴ ራሱን ነቀነቀና ቡናውን ፉት አለ። ሌላ ነገር መናገር አላስፈለገውም።

የዚህች መኪና የናፍጣ ፊልትሮ ኮፈኑ ሥር፣ በጎን በኩል ቆሞ ይታያል። ከግርጌው በእጅ የሚላላ የፕላስቲክ መክፈቻ አለው። ከአናቱ ላይ ደግሞ በመዳፍ የሚጫኑት ትንሽ ፖምፓ አለ። አንድ ሃይላንድ ከወገቡ ቆርጬ ከሥር ያዝኩ። መክፈቻውን አላላሁና ፖምፓውን ተጫንኩ። መጀመሪያ የወረደው ናፍጣ አይመስልም። የደፈረሰ ነገር ነው። ሃይላንዱን መሬት ላይ አስቀምጬ ትንሽ ስጠብቅ ለሁለት ተከፈለ። ከላይ ቢጫው ናፍጣ፣ ከታች ንጹህ ውሃ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ሁልጊዜ ታች ይቀመጣል። ግማሽ ኩባያ ይሆናል።

ጥሩው ናፍጣ እስኪመጣ ድረስ አፈሰስኩ። መክፈቻውን በእጄ ብቻ አጠበቅኩ። ከዚያ ፖምፓውን ደጋግሜ ተጫንኩ። መጀመሪያ ባዶ ነበር፣ ሳይታገለኝ ይወርዳል። እየቆየ መዳፌን መግፋት ጀመረ። ሲጠነክር አየሩ ወጥቷል ማለት ነው። ወንድሜ አስነሳ። አንዴ ሳለች፣ ሁለቴ ሳለች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ተነሳች።

12 ቁጥሩ ቁልፍ አላስፈለገም ነበር። ያኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ሞተሪኖውን ፈትቼ መሬት ላይ ዘርግቼው እገኝ ነበር።

ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። አሮጌ መኪና ይዛችሁ በገዛ እጃችሁ የምትጠግኑ፣ ወይም ለመጀመር የምታስቡ፣ ከሁሉ በፊት የምላችሁ አንድ ነገር አለ። አሮጌ መኪና ገንዘብ የሚበላው ከሚበላሸው ዕቃ ይልቅ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ በሚለወጠው ዕቃ ነው። ይህን በመጽሐፍ አላገኘሁትም። ከፍዬበታለሁ።

መኪናችን ቶዮታ ሃይሉክስ ነች፣ ደብል ጋቢና፣ ኤል ኤን 106 የሚባለው ዓይነት። ሞተሯ 3ኤል ነው፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2.8 ሊትር ናፍጣ። ኮምፒውተር የላትም። የፊት አክስሏ ወጥ ነው፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነው። አባቴ በ1996 ዓ.ም. በጨረታ ሲገዛት ያኔም አዲስ አልነበረችም። ቡና ሲደርስ ከጌራና ከአጋሮ በኩል ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ጭናለች። ሙሽራ ወስዳለች፣ ታማሚ ወስዳለች፣ አስከሬን መልሳለች። የቤታችን ታሪክ ግማሹ እሷ ላይ ነው።

አባቴ መኪና የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ አይደለም። በልጅነቱ በፊያት ኤንትሬ ላይ ረዳት ሆኖ ነው የጀመረው። በክረምት የሰመጠ ጎማ ሥር ድንጋይ እየወረወረ፣ ሌሊት ከመኪናው ሥር በሻማ ብርሃን እየሠራ። ቋንቋውንም እዚያው ነው የተማረው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ። ጣሊያን አገራችንን የያዘው አምስት ዓመት ነው። ቃላቱ ግን ከሰማንያ ዓመት በላይ ጋራዥ ውስጥ ቀርተዋል። አባቴ ጣሊያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አይችልም። የመኪናን አካል ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣሊያንኛ ይጠራል። እኔም ከሱ ወሰድኩ። ከእንግሊዝኛ ማኑዋል ላይ ስሙን ሳነብ መጀመሪያ ወደ አባቴ ቃል እመልሰዋለሁ፣ ያኔ ነው የሚገባኝ።

ዓይኑን ግላኮማ ከያዘው ቆይቷል። አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያል። ሰው ግቢ ሲገባ በአረማመዱ ነው የሚያውቀው። መኪናም እንደዚያው። እጁ እኔ ሆኛለሁ፣ ጆሮው ግን የሱ ነው።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግቤ በረሃ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ከተማችን ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሊሶንና ወልቂጤን ካለፋችሁ በኋላ መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል። አየሩ ይለወጣል፣ መስኮት ካልተከፈተ አይቻልም። ድልድዩን ተሻግራችሁ ደግሞ ወደ አበልቲ የሚወስደው ዳገት ይጠብቃችኋል። ከኋላ ዕቃ ከተጫነ ያ ዳገት የመኪናን ጤና ይናገራል። ሐኪም አያስፈልገውም።

ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ነበር። ዳገቱን እንደጀመርን የሙቀት መለኪያው ከመሃል ተነሳ። ማርሽ ቀነስኩ፣ ነዳጅ ቀነስኩ። አልወረደም። ዳር ይዤ አቆምኩ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል። ትርፍ ውሃ የሚጠራቀምበት ፕላስቲክ ሞልቶ ይገነፍላል። ደንግጬ ነበርና እጄን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሰደድኩ።

«እህቴ! ተይው! ፊትሽን ይልጥሻል!»

ከኋላችን የቆመ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ሮጦ መጥቶ እጄን ያዘኝ። ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ አስጠበቀን። የራሱን መንገድ ትቶ። ሲቀዘቅዝ ጨርቅ ደርቦ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ክዳኑን ግማሽ አላልቶ አስተነፈሰው። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ውሃውን ቀስ በቀስ ሞላልን። ስሙን ሳልጠይቅ ሄደ። ይህን የሚያነብ ከሆነ፣ ዛሬ ፊቴ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

መኪናዋን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውየው ኮፈኑን ከፍቶ ብዙም ሳይቆይ «ጓርኒሲዮን በልታለች» አለኝ። በሞተሩና ከላይ በሚከደነው ቴስታታ መሃል ያለው ማሸጊያ ተበልቷል ማለቱ ነው። 3ኤል ሞተር ከጋለ ቴስታታው ሊሰነጠቅ እንደሚችል ሁሉም ሰው ያወራል። እኔም ሰምቻለሁ። አመንኩት። ሞተሩ ተከፈተ። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ተስተካከለ። አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ። የሁለት ወር ደመወዜ ሄደ። ከሳምንታት በኋላ ያው ዳገት ላይ፣ እዚያው ቦታ ሊሆን ምንም አልቀረው፣ መለኪያው ተነሳ።

ያኔ ነው መጥቼ በርጩማው አጠገብ የተቀመጥኩት። አባቴ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ መጠየቅ ጀመረ።

«ከተማ ውስጥ ትግላለች?»

«አትግልም።»

«ጠዋት ክዳኑን ስትከፍቺ ራዲያተሩ ጎድሎ ታገኚዋለሽ?»

«አዎ፣ ሁልጊዜ።»

«ፕላስቲኩስ?»

«እሱ ሙሉ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም አለ። ቆይቶ «ሞተሩን አስነሺና እስኪሞቅ ጠብቂ። ከዚያ የላይኛውን ቱቦ በጨርቅ ይዘሽ ጨመቅ አድርጊው» አለኝ። አደረግኩ። ቱቦው በጣም ይፋጃል፣ ግን ለስላሳ ነው። እንደ ባዶ ቱቦ በጣቶቼ መሃል ይገባል።

«ለስላሳ ነው አባዬ።»

«ጓርኒሲዮን ቢሆን ኖሮ ድንጋይ ይሆንብሽ ነበር። ክዳኑን አምጪልኝ።»

ጠፍቶ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ አመጣሁለት። አባቴ ክዳኑን ገልብጦ ላስቲኩን በአውራ ጣቱ ዞረው። ቀስ ብሎ፣ ዙሪያውን ሁሉ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ጣቴን ይዞ እዚያው ላይ አሳረፈው። ላስቲኩ ደርቋል፣ እንደ ቆዳ ጠንክሯል፣ አንድ ቦታ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለው። እኔ ዓይን ያለኝ ስንት ጊዜ ከፍቼ ዘግቼዋለሁ። አላየሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፣ በ94 ገደማ ይፈላል። ሞተር ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ሲሠራ ውሃው 90 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ጠባብ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ሥራ ይህን ልዩነት ማስፋት ነው። ባለ ስፕሪንግ ቫልቭ ነው። ውሃውን አፍኖ ግፊት ይይዛል። 0.9 ባር የሚል ክዳን ግፊቱን ከያዘ ውሃው 115 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አይፈላም። ላስቲኩ ካለፈ ግን ግፊት የለም። ዳገት ላይ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ወደ ፕላስቲኩ ይገፋል። ማታ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ራዲያተሩ ውሃውን ከፕላስቲኩ መልሶ መሳብ ነበረበት። በተሰነጠቀው ላስቲክ በኩል አየር ይስባል። ስለዚህ ፕላስቲኩ ሙሉ፣ ራዲያተሩ ጎዶሎ።

ጓርኒሲዮን ሲበላ ምልክቱ ሌላ ነው። የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው ይገባል። ቀዝቃዛ ሞተር ተነስቶ ገና ውሃው ሳይሞቅ ቱቦው ይጠነክራል፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይወጣል። ይህን ለማየት ቡሎን መፍታት አያስፈልግም። አስር ደቂቃ መቆም ነው የሚያስፈልገው።

አዲስ ክዳን ገዛሁ። ከቴስታታው ወጪ ጋር የሚወዳደር ዋጋ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ግቤን ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ። መለኪያው ከመሃል አልተነሳም።

በጣም ተናድጄ ነበር። ወደ ጋራዡ ሄጄ ልጮህ ተነስቼ ነበር። አባቴ «ምን ትይዋለሽ? ምን እንዳየ ጠይቀሽዋል?» አለኝ። አልጠየቅኩትም። እሱ ነገረኝ፣ እኔ ከፈልኩ። እስከ ዛሬ ያ ገንዘብ ይቆጨኛል። ጋራዥ ስገባ ግን አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ «ይህ መሆኑን በምን አወቅህ?» ጥሩ መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይከፋም። እንዲያውም ደስ ይለዋል፣ ጠርቶ ያሳያችኋል። የሚቆጣ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉና ሂዱ።

ከዚያ በኋላ ልማዴ ከርካሹ መጀመር ሆነ። መኪና አልዞር ሲል ሰው ቶሎ ሞተሪኖ ወይም ባትሪ ይላል። እኔ መጀመሪያ የባትሪውን ጫፎች እፈታለሁ። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ካለ በሙቅ ውሃ አጥቤ በአሸዋ ወረቀት እፈገፍጋለሁ። ቀጥሎ ማሳ የሚባለውን፣ ከባትሪው ወደ ሞተሩና ወደ ሻንሲው የሚታሰረውን ገመድ አያለሁ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት እርጥበቱ አይለቅም። ገመዱ ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ይዝጋል። ከዚያ በቴስተር እለካለሁ። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ወደ 14 ካልወጣ ዲናሞው እየሞላ አይደለም። ቴስተር ውድ አይደለም። ከሁሉ በፊት የምትገዙት ዕቃ እሱ ይሁን።

ዲናሞን ካነሳሁ አይቀር፣ የዚህ ሞተር ዲናሞ ከጀርባው ቫኪዩም ፖምፓ አለው። ለፍሬኑ ማገዣ አየር የሚስበው እሱ ነው። ዲናሞ ሲጠገን ይህን ያላወቀ ሰው ከነካው መብራቱ ይሠራል፣ ፍሬኑ ግን ድንጋይ ይሆናል። ለጠጋኙ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ጎረቤቶቼ ለምን አትሸጫትም ይሉኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ታክሱን እንደ ዕድሜያቸው ከፍ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የምንዛሪው ሥርዓት ተለውጦ ብር ወደቀ፣ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ዘለለ። ሸጬ ምን እገዛለሁ? ኤሌክትሪኩ መኪና ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። የጌራን ጭቃ ጀንፈል ጭኖ የሚወጣ ግን እስካሁን በእኔ አቅም አላየሁም። ያለችኝን መያዝ አለብኝ።

ዕቃ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ፎቶ አይበቃም። እኔ ጅማ ሂርማታ ገበያ ካጣሁ አዲስ አበባ፣ የመለዋወጫ ሰፈር የሆነው ሶማሌ ተራ ላለ ዘመድ እደውላለሁ፣ በአውቶቡስ ይልክልኛል። ኦርጅናል ነው ሲባል ሳጥኑን ትቼ ዕቃውን አያለሁ። አንዳንድ ጊዜ ከተራገፈ መኪና የወጣ አሮጌ ኦርጅናል ከአዲሱ አስመስሎ ከተሠራው ይበልጣል። ላስቲክ፣ የሞተር ቀበቶ የሆነው ቺንጋና የፍሬን ዕቃ ግን አሮጌ አልገዛም፣ በነጻ ቢሰጡኝም።

ቺንጋን በተመለከተ፣ 3ኤል ውስጥ ከሽፋን ሥር የሚዞር የታይሚንግ ቺንጋ አለ። ፋብሪካው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይለወጥ ይላል። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይገጫጫሉ። ሳይበጠስ በፊት ደግሞ ድምፅ አይሰጥም፣ የአባቴ ጆሮም አይሰማውም። መጠበቅ የማይቻልበት ዕቃ እሱ ነው። ሲገዙ መቼ እንደተለወጠ የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ እንዳልተለወጠ ቁጠሩት።

ለዚህ ነው ደብተር የምይዘው። ደብተሩን የጀመረው አባቴ ነው። ሽፋኑ በዘይት ጠቁሯል። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተሠራው ነገር፣ የዕቃው ቁጥር። መጀመሪያ ላይ ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ መስመር አይስትም። እየቆየ ፊደሎቹ ይተልቃሉ። መስመር ይለቃሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል። የመጨረሻው በእጁ የጻፈው ሙሉ ገጽ ይዟል፣ ስድስት ቃል ብቻ። «ዘይት ተለወጠ። ፊልትሮ ተለወጠ። ልጄ ለወጠችው።» ከሱ ቀጥሎ ያለው ገጽ የእኔ ጽሑፍ ነው።

ያን ዕለት ደግሞ የዘይት መውረጃውን ቡሎን ስመልስ እንዳይላላ ብዬ አብዝቼ አጠበቅኩት። በሚቀጥለው ጊዜ ሲፈታ ጥርሱን ይዞ ወጣ። ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ካርተሩ፣ ዘይት ያንጠባጥብ ጀመር። ምሽቱን ሙሉ አለቀስኩ። በማግሥቱ ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ጋሼ እንላቸዋለን። ቀዳዳውን ትንሽ አስፍተው አዲስ ጥርስ አወጡለት፣ ከፍ ያለ ቡሎን ሠሩለት። ሳይቆጡ ቁልፉን እጄ ላይ አስያዙኝ፣ እጃቸውን በእጄ ላይ አድርገው አጠበቁ። «እዚህ ጋ ሲቆም ይሰማሻል ኢንተላ ኮ? እዚህ ይበቃዋል።» ኢንተላ ኮ በኦሮምኛ «ልጄ» ማለት ነው። አሁንም ቡሎን ባጠበቅኩ ቁጥር የእሳቸው እጅ በእጄ ላይ ያለ ይመስለኛል።

የማልነካው ነገር አለ። የኢንጄክሽን ፖምፓ አልከፍትም። እሱ በመሣሪያ ተለክቶ የሚስተካከል ነው። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አልገባም። ሁለት ወፍራም የባሕር ዛፍ ጉማጅ አለን፣ ሻንሲው ሥር ሳይገቡ ጭንቅላቴ አይገባም። ጎማው ሥር ድንጋይ፣ ማርሹ ገብቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ። ይህን ሳያደርግ ገብቶ ያልወጣ ሰው አውቃለሁ። ስለሱ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ፍሬንን በተመለከተ ሐሳቤ ተለውጧል። ድሮ አልነካውም እል ነበር። አሁን ዘይቱን እኔው እለውጣለሁ፣ ምክንያቱም ማንም አይለውጠውም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይመጥጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም። ውሃ ሲጠጣ ግን የመፍያው ልክ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ግቤን ስትወርዱ እግራችሁ ፍሬን ላይ ከቆየ ሙቀቱ እዚያ ይደርሳል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናዋ አትቆምም። ስለዚህ ቁልቁለትን በማርሽ ነው መውረድ። ሽቅብ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ የሚለው የድሮ ሹፌሮች ምክር ትክክል ነው።

ዘይቱን ስንለውጥ ወንድሜ ጋቢና ውስጥ ይገባል፣ እኔ ጎማው ሥር። ከዋናው ፖምፓ ከሚርቀው ጎማ እንጀምራለን። እሱ ይረግጣል፣ «ያዝ!» እላለሁ፣ ማስተንፈሻዋን ቡሎን አላላለሁ፣ ጥቁር ዘይት በቱቦ ወደ ሃይላንዱ ይወርዳል። አጠብቃለሁ፣ «ልቀቅ!» እላለሁ። ቡሎኗ ሳትዘጋ እግሩን ካነሳ አየር ይገባል፣ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። ንጹሕ ዘይት ያለ አረፋ እስኪመጣ ድረስ ነው። ስንጨርስ ጋሼ መጥተው ፔዳሉን ይረግጣሉ፣ ሰፈሩን ዞረው ይመለሳሉ። የእሳቸው እግር ሳይፈርድ ከግቢ አልወጣም። ይህ መፍራት ከሆነ ይሁን፣ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ናቸው።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ከፊት በኩል አዲስ ድምፅ መጣ። ዝቅ ያለ እንጉርጉሮ ነው። በሃምሳ ኪሎ ሜትር ይጀምራል፣ ፍጥነት ስጨምር አብሮ ይጨምራል። ኩሽኔታ፣ ጎማው የሚዞርበት ተሸካሚ፣ ነው ብዬ ገምቻለሁ። የዚህች መኪና የፊት ኩሽኔታ እየተፈታ፣ እየታጠበ፣ ግሪስ እየተቀባ የሚታሰር ነው። ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ውስጥ ስለከረመች ጊዜውም ደርሶ ነበር። ግን የግራው ነው የቀኙ? ክሪኩን አውጥቼ ሁለቱንም ልፈታ ጉማጁን ተሸክሜ መጣሁ።

አባቴ ከበርጩማው ተነሳ።

«አትፍቺው። ይዘሽኝ ውጪ።»

ከቤት ከወጣ ቆይቷል። ቤተ ክርስቲያንና ሐኪም ቤት ካልሆነ አይወጣም። እጁን ይዤ ወደ ጋቢናው ወሰድኩት። በሩን ራሱ ፈልጎ አገኘው፣ እጀታው የት እንዳለ እጁ ያውቃል። ወደ ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ኮረብታ በሚወስደው መንገድ ወጣን። መንገዱ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። አባቴ መስኮቱን እስከ ታች አወረደ። ክርኑን አውጥቶ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ ተቀመጠ። እርጥብ የባሕር ዛፍ ሽታ ገባ።

ወደ ቀኝ ስንጠመዘዝ እንጉርጉሮው ከፍ አለ። ወደ ግራ ስንጠመዘዝ ደከመ፣ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። እንደገና ወደ ቀኝ። እንደገና ከፍ አለ። ወደ ቀኝ ስትዞር ክብደቷ በግራ ጎማ ላይ እንደሚያርፍ አስታወስኩ።

«ሰማሽ?» አለኝ።

«ሰማሁ አባዬ። የግራው ነው።»

«እንግዲህ ላይ ድረስ እንውጣ» አለ። «ስንመለስ ትፈቺዋለሽ።»